ለወንበርም የሚባል ቃል

የእህቴ ባል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለችው። አንድ ትሁን እንጂ የማትገባበት የለም። ሰው ሲገፋ «ሶሪ» ይላል፣ ሰው ሲገፋውም «ሶሪ» ይላል። የተባለው ሳይሰማው ሲቀር «ሶሪ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በደንብ ሰምቶ መልስ ሲያጣም እሷኑ ይደግማታል። ሲያስነጥሰው ሶሪ፣ ሲያዛጋ ሶሪ፣ አርፍዶ ሲመጣ ሶሪ፣ ሰው ቀጥሮ ሲቀር ደግሞ በማግስቱ ከሩቅ እጁን እያውለበለበ ሶሪ። ሰው መስደብ ሲያምረው «ሶሪ ግን» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርድባችሁን ሁሉ አመስግናችሁ መቀበል የእናንተ ፈንታ ነው። አንድ ቀን በሱቁ ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ የደንበኞች ወንበር አደናቀፈውና ለወንበሩ ሶሪ ሲለው በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ወንበሩ ምን እንደተሰማው አላውቅም። እኔ ግን ሳቄን ልቆጣጠር ስል የሰው ሸሚዝ ኮሌታ አቃጥዬአለሁ።

ቃሏን ያመጣት ከሆቴል ነው። ወጣት ሳለ ሆቴል በር ላይ ሻንጣ ተቀባይ ነበር። አንድ አሰልጣኝ መጥቶ ሠራተኛውን ሰብስቦ መከራቸው አሉ፦ ደንበኛ ተቆጥቶ ሲመጣ ገና አፉን ሳይከፍት ሶሪ በሉት፣ ንዴቱ እዚያው ይበርዳል፤ ምን አድርገንህ ነው ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁ፣ ከጠየቃችሁ ይነግራችኋል። ይህን ምክር የእህቴ ባል እንደ ጸሎት ያዘው። ከሆቴሉ ወጥቶ የራሱን ላውንደሪ ሲከፍት ሻንጣ መሸከሙን ተወ፣ ሶሪዋን ግን ይዟት መጣ። እኔ እዚያው ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ። ዞር ሲል ግን እኔም አጣቢዋም የምንጠራው በቃሏ ነው፤ ሶሪ መጣ፣ ሶሪ ወጣ፣ ሶሪ ዛሬ ፊቱ አላማረም እንላለን።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ቢሆንማ በተገላገልኩ፤ ጠልቼው አርፌ እቀመጥ ነበር። እጁ የተፈታ ነው፣ እህቴን ይወዳታል፣ ሠራተኛ ሲታመም ራሱ ሐኪም ቤት ይወስዳል። ችግሩ አንድ ነው። ያጠፋውን ነገር ቆሞ ማየት አይችልም። ጥፋት ሲሠራ ሶሪዋን ይወረውርና ተመልሶ ሳያይ ይሄዳል፤ የወደቀውን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሌላ ሰው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ንዴቴን አትታዘቡብኝ።

አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ አላረፈም። ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናችሁ እያለ ሲያልፍ የእሱ ተራ ደረሰ፣ ጎንበስ ብሎ እናቴን አቀፋትና «ሶሪ እማማ» አላት። አጠገቧ የተቀመጠው አጎታችን ጆሮው ከበድ ይላል። ምን አለ ብሎ ጠየቀ፣ ይቅርታ ነው ያለው አሉት። «ምን አድርጎት?» አለ አጎቴ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። እንባውን ሲጠርግ የነበረ ሰው ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አማቿን ትኩር ብላ አየችው፣ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ያኔ ምሕረት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነገሩን ይዛበት ኖሯል።

አሁን ስለ ካፖርቱ ልንገራችሁ። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከእሱ ከቀረን ነገር ሁሉ እናቴ ነፍሷን የምትሰጥለት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርቱ ነው። የቀኝ ኪሱን ገበር የቁልፍ ብዛት ቀዶት ስለነበር እናቴ አሮጌ ቀሚሷን ቀድዳ በዚያ ጨርቅ አዲስ ኪስ ሰፍታለታለች። ቀይ ሆኖ ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ ነው። ውጪው ኮስታራ፣ ውስጡ አበባ። ያን ቀሚስ ለብሳ ነው መጀመሪያ አውቶቡሱ ላይ የወጣችው፤ እሱም እሷን በመስታወት ሲያይ የምትወርድበትን ፌርማታ አልፎ ሄደ፣ ተሳፋሪውም ሁሉ ጮኸበት። አባቴ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ኩራት የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር።

እሱ ካለፈ በኋላ ካፖርቱ መኝታ ቤቷ በር ጀርባ ተሰቅሎ ኖረ። ይታጠብ ቢሏት በጄ አትልም፤ ጠረኑ ይሄዳል ብላ። በኋላ ጣሪያው አፈሰሰና አንዱ ትከሻው ሻገተ። ብዙ አሰበችበት፣ ብዙ አወጣች አወረደች፣ በመጨረሻ እንደ ታመመ ልጅ አቅፋ ላውንደሪው ድረስ አመጣችው። እኔ የዚያን ቀን ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ አልነበርኩም። ምነው ጥርሴ በማግስቱ በታመመ። የእህቴ ባል ራሱ ከእጇ ተቀበላት። ትከሻውን ብቻ በእንፋሎት፣ ማሽን እንዳይገባ፣ ኪሱ እንዳይነካ ብላ ለመነችው። እሺ እማማ፣ ምን ችግር አለው እያለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሶሪ አላትና ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ስልኩ ዞረ።

የእኛን ቤት አሠራር ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም። ላውንደሪያችን የገባ ልብስ ሁሉ ቁጥር ይደረግለታል። ትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ቁጥሩ ይጻፍና ኮሌታው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ቁጥር ያለው ልብስ ባለቤት አለው። ቁጥሩ የወደቀበት፣ ባለቤቱ የረሳው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልብስ ደግሞ ከኋላ ግድግዳው አጠገብ ባለው ብረት ላይ ይሰቀላል። እነዚህን ዘመድ የለሾቹ እንላቸዋለን። በዚህ ሁሉ ላይ ግን የእህቴ ባል አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ የቤተሰብ ልብስ ቁጥር አይደረግበትም። ለገዛ እናቴ ቁጥር ልለጥፍ? ነውር አይደለም? ይል ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ። ስለዚህ የቤተሰቡን ልብስ በቃላችን ነበር የምንይዘው፤ ይሄ የእህቴ ነው፣ ይሄ የአጎቴ ነው እያልን። የሚያውቀው ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ ማን እንደሚያውቀው አልታሰበበትም። ጌታው ስልኩን ሲጨርስ ካፖርቱን ባቅራቢያው ያገኘው ብረት ላይ ሰቀለው። ብረቱ የዘመድ የለሾቹ ነበር።

እናቴ ወጣች፣ ጠበቃው ገባ። ጠበቃው የታወቀ ደንበኛችን ነው፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ፣ ሰላምታውን እንኳ የክስ አቤቱታ የሚያስመስል ሰው። ግራጫ ካፖርቱ ማሽን ውስጥ ገብቶ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ነበር። ያየችው አጣቢዋ ናት የነገረችኝ። የእህቴ ባል ሶሪ አለው፣ ሰውዬው ጮኸ። ደግሞ ሶሪ አለው፣ ሰውዬው የተኮማተረውን ካፖርት ከፍ አድርጎ ለተቀመጡት ደንበኞች አሳየ። ሶሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሠራ አለች። የእህቴ ባል ላብ በላብ ሆኖ ሰውዬውን እጁን ይዞ ወደ ኋላ ወሰደውና ከዚህ የወደዱትን ይምረጡ አለው። ጠበቃውም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ከሁሉ ከበድ ያለውን፣ ጥቁር ሰማያዊውን፣ አነሳ። እዚያው ለብሶት ወጣ።

እናቴ ልትወስድ የመጣች ቀን እኔ ነበርኩ። ሱቁን ገለባበጥኩት። ማሽኖቹን ከፈትኩ፣ ፌስታሎቹን በተንኩ፣ ብረቶቹን ሁሉ ዳሰስኩ። አጣቢዋ ዝም ብላ ሳሙና ታሟሟለች፤ ዝምታዋ አላማረኝም። ያዝኳት፣ ነገረችኝ። ባንኮኒው ጋ ሄጄ ጋሼ፣ የአባቴ ካፖርት የት ነው አልኩት። ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት፤ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ አገጩ አመድ መሰለ። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። «ሶሪ እማማ» አለ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባንኮኒው ሥር መስቀያ መደርደር ጀመረ። የተደረደረ መስቀያ እንደገና መደርደር።

እናቴ አልጮኸችም። ቦርሳዋን አስተካከለች፣ በሩ ጋ ደርሳ ወደ እኔ ዞረች።

«እሱማ ለወንበርም ይለዋል» አለች፣ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእህቴን ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። እህቴ ለማስታረቅ ሄዳ የተባለችውን ይዛ መጣች። እናቴ ካፖርቱን ከየትም ወልዶ ያምጣ አላለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቷ ይምጣ፣ ቁጭ ይበል፣ ምን እንዳደረገ ዓይኗን እያየ በገዛ አፉ ይንገራት። ከአንገት በላይ ሳይሆን ከአንጀት። በቃ። ይሄን ካላለ ደግሞ እስክትሞት አታየውም፤ ከሞተች በኋላም መጥቶ ሬሳዋን ሶሪ እንዳይላት ከወዲሁ ተናዛለች።

ይሄ ምን ይከብዳል ትላላችሁ። ለእሱ ተራራ ሆነበት። መጀመሪያ በዕቃ ሊያመልጥ ሞከረ። ኮሌታው ጸጉራም የሆነ አዲስ ካፖርት ገዝቶ ላከላት፣ መለሰችው። ብርድ ልብስ ላከ፣ መለሰችው። የግድግዳ ሰዓት ላከ፤ ካፖርትና ሰዓት ምን እንደሚያገናኛቸው እሱ ያውቃል፣ እሱም ተመለሰ። ያን ሁሉ ዕቃ እየተሸከምኩ የምመላለስ እኔ ነበርኩ፣ ሰፈርተኛው ቤት የምቀይር መስሎት ነበር። ሂድና ከጠበቃው ለምነህ አምጣ ስለው የሰውዬው ቢሮ ያለበትን መንገድ ማለፍ ጭራሽ ተወ። ለዳቦ እንኳ ዞሮ በሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር።

እህቴ ሲያቅታት እንደ ተማሪ ታስጠናው ጀመር። ማታ ማታ ከራት በኋላ ፊቷ ታስቀምጠውና በል ትለዋለች። ካፖርቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በል። መስታወት ፊት እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ቁልጭ አድርጎ ይለዋል አለችኝ፤ አንድ ቀንም በደንብ ወጣለት ብላ ደስ ብሏት አለቀሰች። በቀጣዩ እሑድ ከረባቱን አስሮ እናቴ ቤት መጣ። እኔም ነበርኩ። እናቴ ወንበር ሰጠችው፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀችው። ጉሮሮውን ጠረገ። እማማ አለ። ያ ነገር አለ። እንግዲህ ሲሆን ጊዜ አለ። ሰው ነንና አለ። ከግንባሩ የወረደው ላብ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ እንኳ፣ ሲናገር ደሜ የሚፈላው ሴትዮ፣ አንጀቴን በላኝና በልቤ በርታ አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ቀረው፣ ደረሰ ስል ያቺ የተረገመች ቃል ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ዱብ አለች።

«ሶሪ» አለ።

እናቴ ተነሥታ በሩን ከፈተችለት። «ሂድ ልጄ» አለችው፣ ቁጣ የሌለበት ድምፅ ነው። «ሲገኝልህ ትመጣለህ።»

ነገሩ በዚህ ተንጠልጥሎ ከረመ። እህቴ ከሳች። እሱ ሱቅ ውስጥ ሶሪውን አበዛው፤ ለማሽኑም ለመስቀያውም ለሁሉ ያድላል፣ የሚገባት አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። ክረምቱ አለፈ፣ ሙቀቱ አለፈ፣ ሰው ወፍራም ልብሱን ከቁም ሣጥን ማውጣት ጀመረ። አንድ ከሰዓት የጠበቃው ቤት ሠራተኛ ትልቅ ፌስታል አምጥታ ባንኮኒው ላይ ጣለች፤ ነገ ጠዋት ራሱ መጥቶ ይወስዳል ብላ ሄደች። ልብሶቹ ቁጥር ተደርጎላቸው ወደ እኔ መጡ። ልብስ ከመተኮሳችን በፊት ኪስ እንፈትሻለን፤ የተረሳ እስክሪብቶ የስንቱን ሱሪ እንዳበላሸ እኔ ነኝ የማውቀው። ከመሐል አንድ ካፖርት አነሳሁና ቀኝ ኪሱን ወደ ውጪ ገለበጥኩት።

ቀዩ ላይ ቢጫ አበባ። ካውያውን አስቀምጬ እዚያው የልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። የተሰማኝ ደስታ ይሁን ንዴት አላውቅም።

ለእህቴ ባል ወስጄ ፊቱ ዘረጋሁለት። አበባውን አየ፣ አወቀው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ? ኮሌታውን ገልጦ አየ። «ቁጥር አለው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ቁጥር ካለው የባለ ቁጥሩ ነው ማለቱ ነው። ስንት ነገር አፌ ድረስ መጣ። እናቴ ከእጇ ስትሰጥህ ቁጥሩ የት ነበር ልለው ስል ፊቱን አዞረ። እሱም ሶሪ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደዋለ አላየሁም። እኔ ግን ስልኬን አንስቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

በማግስቱ ገና በሩን ስንከፍት መጣች። የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ያው ሶሪ የተባለው ወንበር ነው። ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ፣ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ካፖርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አቀረቀረችና አሸተተችው፣ ፊቷ ተኮሳተረ። የሰው ሽቶ ነው አለችኝ። ቀኝ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፣ እዚያው ተወችው። የእህቴ ባል ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ያያታል፣ ስታየው ጣሪያ ያያል። ትንሽ ቆይታ መቀስ አቀብይኝ አለችኝ። የተንጠለጠለ ክር ልትቆርጥ መስሎኝ የቁጥር ክር የምንቆርጥባትን ትንሽ መቀስ ሰጠኋት።

ጠበቃው ገባ። ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፣ ቸኩያለሁ አለ። የእህቴ ባል የተተኮሱትን ሸሚዞች አወጣ፣ ሱሪዎቹን አወጣ፣ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰውዬው ካፖርቴስ አለ። አጣቢዋ ማሽኑን አጥፍታ ከኋላ ብቅ አለች።

«ሶሪ» አለ የእህቴ ባል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። ጠበቃ ግን ሥራው ነው፣ ያፈተለከ ቃል አይለቅም። ጣቱን አነሳ።

«ሶሪ ምን?» አለው።

ይህችን ጥያቄ በዕድሜው ሙሉ የጠየቀው ሰው የለም። አሰልጣኙም መልሱን አላስተማረውም። የእህቴ ባል ሶሪ ካፖርቱ አለ። ካፖርቱ ምን ሆነ አለው ጠበቃው። የእርስዎ አይደለም አለ። ታዲያ የማን ነው፣ ማን ሰጠኝ፣ ለምን ሰጠኝ እያለ ምስክር እንደሚያጣድፍ አጣደፈው። መጀመሪያ አንድ አንድ ቃል ነበር የሚወጣው፣ በኋላ ግድቡ ተናደ። ካፖርቱ የሚስቱ አባት ልብስ መሆኑን፣ አማቱ ከእጇ እንደሰጠችው፣ ስልክ አውርቶ ሲጨርስ ያለ ቁጥር እንደሰቀለው፣ ከዚያም ያን የመሰለ ነገር አንስቶ ለሰው እንደሰጠው፣ ሁሉንም ዘከዘከው።

«እርስዎን ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሰው ነገር ነው የሰጠሁዎት። አጥፍቻለሁ።»

እሰይ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። ስንት ወር የጠበቅነው ቃል ወጣ። ወደ እናቴ ዘወር አልኩ፣ ፊቷ ይፈታል ብዬ። እሷ ግን አቀርቅራ እጇ ካፖርቱ ሥር ነው፤ ቀና ሳትል ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ተናገረ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ግን ለማን?»

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። የእህቴ ባል ያን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ጠበቃው ላይ ነበር። ለደንበኛው የተናዘዘውን ያህል ለካፖርቱ ባለቤት አልተናዘዘም፤ ጣቱን ብቻ ወደ ወንበሩ ቀስሯል፣ ዕቃ እንደሚያሳይ ሻጭ።

ጠበቃው ከረባቱን አስተካከለ። ነገሩ በጣም ያሳዝናል አለ። ይሁን እንጂ የእርሱ ካፖርት እዚሁ ቤት ተበላሽቶበታል፣ ይህኛውን ደግሞ በቅን ልቦና ተቀብሏል፣ ብርዱም መጥቷል። ስለዚህ አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ አንገቱን ሰበር አደረገና፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ «ሶሪ እናቴ» አላት። እጁን ለካፖርቱ ዘረጋ። ካውያውን ይዤ ልነሳ ስል እናቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ካፖርቱን አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችው። በሰላም ልበሰው አለችው።

ለበሰው። ቁልፎቹን ቆለፈ፣ ደረሰኙን ተወ፣ ሸሚዞቹን በግራ እጁ ይዞ በሩን ከፈተ። ብርዱ ሲመታው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እጁ ገባ፣ ገባ፣ ክንዱ ድረስ ሰመጠ፤ ጣቶቹ ከታች በካፖርቱ ጫፍ በኩል ብቅ ሲሉ ሁላችንም አየናቸው። ዞረ። እናቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጭኗ ላይ ቀይ ጨርቅ ዘርግታለች፣ ቢጫ አበቦቿን በጣቷ እያስተካከለች። ቀና ብላ አየችው።

«ሶሪ» አለችው።

በዕድሜዋ የተናገረችው የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አነጋገሯ ከአማቿ ይሻላል። ጠበቃው አፉን ከፈተ፣ ጣቱም ተነሳ። «ሶሪ ምን?» ሊላት እንደነበር እምላለሁ። ግን የተቀመጡት ደንበኞች ሳቅ አላስጨረሰውም፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ።

የእህቴ ባል ብቻ አልሳቀም ነበር፤ ሳቁ ሲበርድ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ጥፋት አጥፍቶ ከባንኮኒው ወዲህ ሲመጣ አይቼው አላውቅም። እናቴ ፊት መሬቱ ላይ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ በጉልበቱ ተቀመጠ። ጣሪያውን አላየም። ዓይኗን አየ።

«እማማ» አለ። «ከእጅዎ ተቀበልኩ። እየነገሩኝ አልሰማሁም። ያለ ቁጥር ሰቅዬ የአባባን ካፖርት ለሰው ሰጠሁት። ከዚያ ደግሞ እርስዎን ፈርቼ ስሸሽ ከረምኩ። አጥፍቻለሁ።»

ቃሏ ትከተላለች ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልመጣችም። እንባው ብቻ መጣ፣ በእጅጌው ጠረገው። እናቴ ግንባሩን ትስመዋለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሳመችውም። እሷም የዋዛ አይደለች። ቀዩን ኪስ አጣጥፋ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እጠባት» አለችው። «የሰውዬው ሽቶ ይውጣላት።»

እሺ እማማ ብሎ ተነሳ፣ በሁለት እጁ ይዟት ወደ ማጠቢያው ሊሄድ ሲል ከኋላው ጠራችው።

«ደግሞ ቁጥር አድርግባት።»

ተመለሰ። ባንኮኒው ላይ ነጯን ጨርቅ አወጣ፣ ቁጥር ጻፈባት፣ አበባው ጥግ ላይ ሊያያይዛት መርፌ ቁልፉን ከፈተ። መርፌው ጣቱን ወጋው። አፉን ከፈተ፤ እናቴን አየና መልሶ ዘጋው።